የሠራችሁትን ዲቴክተር በጆሮ ማስተካከል

ይህን የምጽፈው ቤቱ ቁጭ ብሎ የብረት መፈለጊያ (ዲቴክተር) ለሠራና "ይጮኻል፣ ግን ምንም አላገኘሁበትም" ለሚል ሰው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከአደባባዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ዛሬ የሚመጣልኝ ስፒከርና የሶላር መብራት ቢሆንም ጆሮዬ ያደገው በሬዲዮ ነው። ወደ ዲቴክተር ያስገቡኝ አንዲት እናት ጎረቤቴ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው ወለቀ። ሦስት ቀን ሙሉ አፈሩን በወንፊት ነፉ። በአራተኛው ቀን በሬ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሽቦህ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አይጠቅመኝም?" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ዲቴክተር ሠራሁ። ጓሮው ስገባ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ጮኸ። የትም ብሄድ ይጮኻል። ቆፈርን፤ ሚስማር ወጣ። ቆፈርን፤ የፌሮ ቁራጭ። ቆርኪ፣ የማሰሪያ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ጫፍ። ቀለበቱ የለም። ጥፋቱ የሰርኪዩቱ አልነበረም። ማዞሪያዎቹን በሙሉ እስከ ጥግ ከፍቼያቸው ነበር። ብዙ የሚጮህ ብዙ የሚሰማ መስሎኝ ነው።

ነገሩ ሌላ ነው። ዲቴክተር ትንሽ ነገር የሚሰማው ዝም ሊል ጥቂት ሲቀረው ነው። ያችን ቦታ እንዴት እንደምታገኟት ላሳያችሁ።

ሁለት ኦሲሌተር ያለው

ቀላሉ ቢኤፍኦ የሚባለው ነው። ውስጡ ሁለት ኦሲሌተር፣ ማለትም ሞገድ የሚያመነጭ ሰርኪዩት፣ አለ። አንዱ መሬት ላይ ከምናንቀሳቅሰው ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ጋር ይሠራል። ሌላው ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ አይለወጥም። የእኔ ሁለቱም በሴኮንድ 100 ሺህ ጊዜ አካባቢ ይርገበገባሉ። ይህን ጆሮ አይሰማውም። ሲደባለቁ ግን ልዩነታቸው ድምፅ ሆኖ ይወጣል። አንዱ 100,000 ሌላው 100,300 ከሆነ የምትሰሙት 300 ሄርዝ፣ በሴኮንድ 300 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። በድሮ ሬዲዮ አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያ ስትፈልጉ የሚያፏጨው ፉጨት ከዚሁ የመጣ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ቀለበት ኮይሉ አጠገብ ሲደርስ ድግግሞሹን 10 ሄርዝ አነቃነቀው እንበል። መነሻ ድምፃችሁ 800 ሄርዝ ከነበረ 810 ይሆናል። ሜዳ ላይ፣ ንፋስ እየነፈሰ፣ ይህን ለይቶ የሚሰማ ሰው አላውቅም። መነሻው 20 ሄርዝ ከነበረ ግን 30 ይሆናል። ቱክ ቱክ ቱክ ይል የነበረው በአንድ ጊዜ በግማሽ ይፈጥናል። ይህን ሕፃን ልጅም ይሰማዋል። ሰርኪዩቱ ያው ነው፣ ቀለበቱም ያው ነው። የተለወጠው ማዞሪያውን ያቆማችሁበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ዲቴክተሩን አብርታችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት፤ ይሙቅ። ከዚያ ማዞሪያውን ከአንዱ ጥግ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱ እየወፈረ፣ እየወረደ ይመጣል። ቀጥሎ ማጉረምረም ይሆናል፤ ቀጥሎ ነጠላ ነጠላ ቱክታ። ከዚያ ዝም ይላል። ማዞራችሁን ስትቀጥሉ ደግሞ ያው ነገር ወደ ኋላ ይደገማል፤ ቱክታ፣ ማጉረምረም፣ ፉጨት።

ብዙ ሰው ዝምታው መሃል ላይ ያቆመዋል። ተሳስቷል። ሁለቱ ኦሲሌተሮች በጣም ሲቀራረቡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ አብረው ይሄዳሉ። ያኔ ትንሽ ቀለበት ሊያላቅቃቸው አይችልም። መቆም ያለባችሁ ከዝምታው ወጣ ብሎ፣ ቱክታው ሊቆጠር ትንሽ ሲያቅት ነው።

ታዲያ በየትኛው ጎን? ዝምታው ሁለት ጎን አለው፤ ጉዳዩ ትልቅ ነው። ናስ፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ኮይሉ ሲጠጋቸው ድግግሞሹን ከፍ ያደርጉታል። ሚስማር ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። በትክክለኛው ጎን ከቆማችሁ ለናስ ድምፁ ይፈጥናል፤ ለሚስማር ይዘገያል ወይም ዝም ይላል። በሌላው ጎን ከቆማችሁ ሁሉም ይገለበጣል። ለማወቅ የመዳብ ሽቦ ጠቅልላችሁ ወደ ኮይሉ አስጠጉ። ከፈጠነ ያ ጎን የእናንተ ነው። እኔ ማዞሪያው ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። ነጥቡ ትልቁን ቦታ ያሳየኛል፤ ትንሿን ግን በየቀኑ በጆሮ ነው የማገኛት።

አንድ አታላይ አለ፤ ቆርኪ። ብረት ሆኖ ሳለ ጠፍጣፋና ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንደ ናስ ድምፁን ያፈጥነዋል። ቆርቆሮም እንደዚሁ። በዚህ አትበሳጩ፤ መሣሪያችሁ አልተበላሸም።

የሙከራ ሳንቲም ስትመርጡም ተጠንቀቁ። አሮጌዎቹ ባለ 10 ሳንቲሞች ናስ ናቸው። በኋላ የወጡት ግን ላያቸው የተለበጠ ብረት ነው። ማግኔት አስጠጉ፤ ከተሳበ ለሙከራ አይሆንም። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት በአዲሱ ሳንቲም ነበር። ግማሽ ቀን ጎኑን ሳገላብጥ ዋልኩ። ከሁሉ የሚሻለው ጠገራ ብር ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ። 28 ግራም ገደማ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ አብዛኛው ብር ነው። ድምፁ የማያሻማ ነው፤ ጆሮ ለማስተማር እንደ እሱ የለም።

አፈሩ ላይ አስተካክሉ

አየር ላይ የተስተካከለ ቢኤፍኦ መሬት ሲነካ ይጠፋል። የእኛ አካባቢ አፈር ሁለት ዓይነት ነው። ወደ አቃቂ ስትወርዱ ጥቁር ዋልካ አለ። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ስሙ ራሱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በዚያ ላይ ግቢውን ሁሉ ሬድ አሽ አፍስሰንበታል። ሬድ አሽ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ብረት ያዘለ ድንጋይ ነው። ኮይሉን ወደ እሱ ዝቅ ስታደርጉ ድምፁ ልክ እንደ ሚስማር ይወርዳል። 20 ሄርዝ ላይ የተወው ሰው በቀጥታ ዝምታው ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮይሉን በምትሠሩበት ከፍታ፣ ከመሬት ሦስት ጣት ያህል አድርጋችሁ ያዙት። ማዞሪያውን የምታስተካክሉት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ከፍታ አትልቀቁ። ግራና ቀኝ ስታወዛውዙ ጫፍ ላይ ክንዳችሁ ኮይሉን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ድምፁም ይፈጥናል፤ ወርቅ መሰላችሁ ማለት ነው። የበሬ ኮቴ የረገጠው ጉድጓድም ያው ነው። እዚያ ጋ አፈሩ ስለሚርቅ ድምፁ ከፍ ይላል። ስትቆፍሩ ምንም የለም፤ የቆፈራችሁት ጉድጓድ ደግሞ የባሰ ይጮኻል።

ክረምት ላይ እርጥብ ሣር ያስቸግራል። ኮይሉ ሣሩን በነካ ቁጥር ድምፁ ይዘላል። ለዚህ ኮይሉን የሲጋራ ወይም የማብሰያ አልሙኒየም ወረቀት ጠቅልሉበት። ሁለቱ ጫፎች ግን እንዳይገናኙ፤ አንድ ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ከተገናኙ ራሱ ትልቅ ቀለበት ይሆንና ኮይሉን ያደነቁረዋል። ወረቀቱን ከሰርኪዩቱ ግራውንድ ጋር በሽቦ አገናኙት። በጋ ላይ ደግሞ ፀሐይ ኮይሉን ስታሞቀው ድምፁ በራሱ ይንሸራተታል። በየአምስት ደቂቃው ቆም ብዬ እመልሰዋለሁ።

ፒአይ የሚባለው

ሁለተኛው የሠራሁት ፐልስ ኢንዳክሽን ነው፤ ፒአይ። ፓይሬት በሚባለው ንድፍ ነው የጀመርኩት፤ ዋና ክፍሎቹ 555 እና ቲኤል 072 ቺፖች፣ አንድ አይአርኤፍ 740 ትራንዚስተር ናቸው። ኮይሉ 19 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ 25 ዙር ነው። ሽቦውን ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ፈትቼ አወጣሁት። ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሦስት ሴሎች ናቸው።

አሠራሩ ሌላ ነው። ኮይሉ ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ይለቅና በድንገት ይቆርጠዋል። ሲቆረጥ መሬት ውስጥ ያለው ብረት ለጥቂት ጊዜ የራሱን ጅረት ይዞ ይቆያል። መሣሪያው ትንሽ ጠብቆ ያንን ያዳምጣል። ግፊቱ ሲቆረጥ ኮይሉ ጫፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይነሳል፤ ሲሠራ ጫፉን በእጅ አትንኩ።

እዚህ ላይ ዋናው የመነሻ ድምፅ ማዞሪያ ነው። ሁለት ቢሆኑ ይሻላል፤ አንድ ለትልቁ፣ አንድ ለትንሹ እርምጃ። ትንሹን መሃል ላይ አቁሙት። ኮይሉን ከብረት አርቃችሁ ትልቁን አዙሩ፤ ያለማቋረጥ ከሚጮህበት ጀምራችሁ ወደ ዝምታ አምጡት። ሊጠፋ ሲል ተዉት። አሁን በትንሹ ማዞሪያ አልፎ አልፎ አንድ ነጠላ ጠብታ የሚሰማበት ላይ አቁሙ፤ ጣራ ላይ ዝናብ ሊጀምር ሲል እንደሚሰማው ዓይነት። እዚያ ነው ጆሮው የሚከፈተው። ሙሉ ዝምታ ላይ ብታደርጉት ጥልቀት ታጣላችሁ። እየጮኸ ብትተዉት ደግሞ ትንሹ ድምፅ ጩኸቱ ውስጥ ይሰጥማል።

ሁለተኛው የመዘግየት ማዞሪያ ነው፤ ንድፋችሁ ላይ ካለ። ግፊቱ ከተቆረጠ በኋላ ስንት ማይክሮ ሰከንድ (የሴኮንድ ሚሊዮንኛ) ጠብቆ እንደሚያዳምጥ ይወስናል። ይህን ሰው አቅልሎ ያየዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ማዞሪያ ነው። ቀጭን የወርቅ ቀለበት ጅረቱን ቶሎ ይለቃል። ሰንሰለት የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ለብቻው ትንሽ ስለሆነ ከሙሉ ክብደቱ ይልቅ እንደ አንዷ ፍሬ ይሰማል። ጠገራ ብር ግን ወፍራም ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ቀለበት ስትፈልጉ መዘግየቱን አሳጥሩ፤ 10 እስከ 15 ማይክሮ ሰከንድ። ሬድ አሽ ላይ ስትሆኑና መሬቱ ራሱ ሲጮህ ወደ 20 እና 25 አስረዝሙት። መሬቱ ይረጋል፤ ቀጭኑ ወርቅም አብሮ ይጠፋል። ይህን ዋጋ እያወቃችሁ ክፈሉ። እኔ መጀመሪያ ዝም ሲልልኝ ደስ ብሎኝ አስረዝሜው ነበር፤ ከዚያ የሚስቴን የጆሮ ጌጥ ከኮይሉ ሁለት ጣት ላይ አድርጌ ምንም አልሰማሁም።

ሦስተኛው የግፊቱ ፍጥነት ነው። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው። የግፊታችሁ ፍጥነት የ50 ብዜት አጠገብ ከሆነ፣ 100 ወይም 150 አካባቢ፣ ድምፁ እንደ ማዕበል ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። በተለይ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሥር። ፍጥነቱን ትንሽ ከዚያ ብታርቁት ማዕበሉ በጣም ይፈጥንና የመሣሪያው ማጣሪያ ይበላዋል። ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ከመስመሩ ከመራቅ ይህ ይቀላል። ሞባይላችሁንም ከኪሳችሁ አውጡ፤ እኔ ቦርሳ ውስጥ አድርጌ አጥሩ ሥር እተወዋለሁ።

ስለ ማዳመጫ አንድ ነገር ልጨምር። የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ ስፒከር ላይ ትንሹ ድምፅ አይሰማም። ነገር ግን ኮይሉ ድንገት ፌሮ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ጩኸት ጆሮ ይጎዳል። ከማዳመጫው ጋር 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፤ የድምፅ መቀነሻ ማዞሪያም ይኑረው።

ድምፆቹን መለየት

እዚህ ላይ ታገሱኝ፤ ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ነው።

ፒአይ ሚስማርና ቀለበትን አይለይም ይባላል። ሰርኪዩቱ አይለይም፤ ጆሮ ግን ብዙ ይለያል። ቀለበት ድምፁ ክብ ነው። ከግራ ብትመጡ፣ ከቀኝ ብትመጡ፣ ዘጠና ዲግሪ ዞራችሁ ብትመጡ አንድ ዓይነት ነው፤ ይነሳል፣ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ጋደም ያለ ረጅም ሚስማር ግን በአንዱ አቅጣጫ ነጠላ፣ በሌላው ድርብ ድምፅ ይሰጣል፤ ቱ-ቱ ይላል። እኔ ያለ ሁለት አቅጣጫ ፍተሻ አልቆፍርም።

የማሰሪያ ሽቦ የተሰባበረ ድምፅ አለው፤ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ፌሮ ረጅም ነው፤ ኮይሉን ስታንቀሳቅሱ ድምፁ አይለቃችሁም፣ በመስመር ይከተላችኋል። ቆርቆሮ ሰፊ ነው። ኮይሉን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ብታነሱትም መጮሁን አያቆምም። ትንሽ ነገር ግን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ወዲያው ይሞታል። ይህን ኮይል የማንሳት ፍተሻ ልመዱት፤ ብዙ ጉድጓድ ያድናችኋል።

ቦታውን ለማጥበብ ደግሞ ድምፁ ላይ ቆማችሁ የመነሻ ማዞሪያውን ወደ ዝምታ መልሱት፤ ድምፁ ሊጠፋ እስኪል። አሁን የሚጮኸው መሃሉ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በመስቀል ፈትሹ፤ ሁለቱ መስመር የሚገናኙበት ነው።

እጃችሁ ይዘግይ። ኮይሉን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለማድረስ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ስጡት። መሣሪያው የብዙ ግፊቶችን ድምር አደላድሎ ነው የሚናገረው። ከፈጠናችሁ ሳይናገር ታልፉታላችሁ።

የእትዬ ቀለበት የተገኘው በቢኤፍኦው ነው። ጓሮውን በሲባጎ በስንዝር ስንዝር ከፈልኩት። ቱክታውን ቀስ አድርጌ አቆምኩ። የሚወርደውን ሁሉ አለፍኩ፤ የሚፈጥነውን ብቻ በትንሽ ዱላ ምልክት አደረግሁበት። አሥራ አንድ ምልክት ሆነ። ስምንቱ ቆርኪ ነበር፤ አንዱ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፤ አንዱ የተሰበረ የቧንቧ ናስ። አሥራ አንደኛው የጎመኑ ሥር ላይ፣ አራት ጣት ጥልቀት። እትዬ ራሳቸው በጣታቸው ነው ያወጡት። በቀሚሳቸው ጠረጉትና ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

የማይቆፈር ቦታ

የሰው ግቢ ሳያስፈቅዱ አይገባም። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር፣ የጥንት ፍርስራሽ ያለበት ቦታ ፈጽሞ ዲቴክተር ይዛችሁ አትሂዱ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት።

ከዚህ የሚብሰው ፈንጂ ነው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው ሞቷል። የ77ቱን ረሃብ በካሜራው ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው በዚያ ፍንዳታ ነው። አሮጌ ካምፕና መጋዘን በነበረበት አካባቢ ከባድ፣ ክብ፣ ጥልቅ ድምፅ ከሰማችሁ አትቆፍሩ። የዛገ ሲሊንደር ብቅ ካለ እጃችሁን አንሱ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ልጆች ሲከተሏችሁ ደግሞ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ልምምድ

ግቢያችሁ ውስጥ ንጹሕ ቦታ ፈልጉ። አሮጌ 10 ሳንቲም ሦስት ጣት ላይ፣ ሌላውን አንድ እጅ ጥልቀት ላይ ቅበሩ። ሚስማር ጋደም አድርጋችሁ፣ ሌላ ሚስማር አቁማችሁ ቅበሩ። ቆርኪም ጨምሩ። የትኛው የት እንዳለ ደብተር ላይ ጻፉ። ሥራ ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ እዚያ ላይ አልፋለሁ። ጥልቁ ሳንቲም ካልተሰማኝ አልወጣም፤ ባትሪው ደክሟል ወይም ማዞሪያው ተነካክቷል።

ደብተሩ ላይ የእያንዳንዱን ቦታ ቅንብርም እጽፋለሁ። "አቃቂ ዋልካ፣ ደረቅ፣ መዘግየት 12፣ መነሻ ከነጥቡ ትንሽ ወደ ግራ።" "የእኛ ግቢ ሬድ አሽ፣ 20።" በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ነው የምጀምረው።

ነገ ገላን አንድ ግቢ ተጠርቻለሁ። መጸዳጃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ ነው፣ የድሮው የብረት ቧንቧ የት እንደሚያልፍ የሚያስታውስ ሰው የለም። ለዚህ መዘግየቱን 25 ላይ አደርገዋለሁ፣ ኮይሉን አንድ ስንዝር ከፍ። ሚስማሩ ሁሉ ዝም ይላል፤ ቧንቧው ብቻ ይቀራል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ድንጋዮቹ ሲሰለፉ ቆፋሪው ከየትኛው ወገን እንደሚጀምር ያየዋል።